የምድር ቤቱ መዝገብ

ዓርብ ጡረታ ልወጣ፣ ማክሰኞ ቁም ሣጥን ስጠርግ፣
ከማሞቂያው ቧንቧ ጀርባ፣ አቧራ ለብሶ እንደ ማዕረግ፣
አንድ መዝገብ አገኘሁ፤ በኮርቻ ቆዳ የተሰፋ፣
ቀለሙ የገረጣ እንጂ ያልጠፋ።
የጻፈው ኢማኑኤል ሩዚችካ ነው፤ ኮርቻ ሰፊ ነበረ፣
ለአመክሮ ሹም ካውንቲያችን ደመወዝ ሳይቆርጥ የጀመረ፤
ዳኛው «ይኼ ማን አለው?» ሲል፣ ከኋላ ወንበር ብድግ ብሎ
«እኔ አለሁ» የሚል፤ መርፌና ክሩን ሽርጡ ላይ አንጠልጥሎ።

«ጃንዋሪ 9፣ 1911። ቫትስላቭ ኩቼራ፤ ከባቡር ከሰል ሰርቆ የተያዘ።
ዳኛው ስድስት ወር ሊል ሲል ዋስ ሆንኩ።
ቤቱ ሄድኩ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ሦስት ልጆች፤ አንዷ ታስላለች።
ፌብሩዋሪ 2። ሄድኩ። ቤት የለም። ጠበቅኩ።
ፌብሩዋሪ 3። ሄድኩ። ሰክሯል። ተቆጣሁት፤ አብሬው ሾርባ በላሁ።
ማርች 20። ባቡር ጣቢያ አብረን ሄድን። ኃላፊው ከሰል ጫኝ አድርጎ ቀጠረው፤
የተሰረቀው ያው ሰውዬ።»

ቆሜ ቆጠርኩ። በአንድ ክረምት ብቻ ሠላሳ ሰባት «ሄድኩ» አለ።
የኔ ፋይል ግስ ሌላ ነው፦ «ቀረበ፣» «ቀረ፣» «ውል አጎደለ።»

ከሩዚችካ በኋላ የመጡት ታይፕራይተርና ቅጽ አመጡ፤
ከጦር ግንባር የተመለሱ ጎረምሶች መጠጥ ቤት እንዳይረግጡ
ያስምሉ ነበር፣ በዚህች የነብራስካ መንደር
ስልክ ያለው እዚያ ብቻ ሆኖ ሳለ።
ከዚያ የኔ ዘመን ገባ፦ የሽንት ብልቃጥ፣ የቁርጭምጭሚት ካቴና፣
መቶ አርባ ሰው ለአንድ ሹም፣
ማን እንደሚያስፈራ በነጥብ የሚያሰላ ኮምፒውተር፣
ግድግዳው ላይ አምስት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት።
ሠላሳ አንድ ዓመት አላስተካከልኩትም።

ዶይል ሶቦትካ። ሐሰተኛ ቼክ፤ ሁለት ዓመት አመክሮ።
ቤቱ አርባ ሦስት ማይል ይርቃል፣ ከእህል ጎተራው ማዶ።
መንጃ ፈቃዱን የነጠቅነው እኛ፤ በዚያ መንገድ አውቶቡስ አይታወቅም።
ሦስት ቀጠሮ ቀረ።
ሦስት ጊዜ «አልቀረበም» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ዳኛው አሥራ አራት ወር አለ።
በስድስተኛው ወር እናቱ ሞተች። ቀብሯን በደብዳቤ ሰማ።
እኔ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ፣ በመከራው ላይ ስጨምር፣
በምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት የሚታየው ሁሉ መከር።

ሩዚችካን ጻድቅ ላደርገው ዳድቶኝ ነበር። ገጹን ገለጥኩ፦

«ኦክቶበር 14። ኩቼራ ሚስቱን መታ። ዋሱ እኔ ነኝ።
ራሴ ይዤው ወደ ሸሪፉ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገርንም።
ኦክቶበር 15። እስር ቤት ሄድኩ።
ኦክቶበር 16። ሚስቱ ዘንድ ሄድኩ። በሩን አልከፈተችልኝም።
እውነቷን ነው።»

ከዚህ በታች ለብዙ መስመር ምንም አልጻፈም።
ቆዳ ሲሰፋ የዋለ ሰው፣ መርፌው ሲወጋው ያውቃል መሰለኝ፤
የኔ ማኅተም ግን የጎማ ነው፤ አንድም ቀን አልወጋኝ።

መዝገቡን ለወረቀት መፍጫው አልሰጠሁም፣ ለቤተ መዛግብትም።
ረቡዕ በማለዳ መኪናዬን አስነሣሁ።
ቀጠሮ የለም። የምጠይቀው የለም። የሥልጣኔ ዕድሜ ሁለት ቀን።
ንፋሱ መሪውን ከእጄ ሊቀማኝ እየታገለ፣
አርባ ሦስቱን ማይል አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤
በእግር ቢሆን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እያሰላሁ፣
በበረዶ፣ በቀጭን ጃኬት።

በረንዳው ላይ አሮጌ ውሻ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ተኛ።
መዝገቡ ከኋላው አንድ ባዶ ገጽ ነበረው።
ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦

«ረቡዕ። ሶቦትካ ቤት ሄድኩ። ቤት የለም።
ጠበቅኩ።»